ዘይት የነካው እጅ



በዚህ እትም ስለ ሰርቪስ ልጽፍላችሁ ነው። ሰርቪስ ስል ጠዋት ጠዋት የምንጋፋበትን አውቶብስ ማለቴ አይደለም። የሞተር ዘይት መቀየር፣ ፊልትሮ ማጽዳት፣ ካንዴላ ፈትቶ ማየት የሚባለውን ሥራ ማለቴ ነው። «ይህ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ ጥቂት ይታገሰኝ። ከዚያ የአንድ ቀን ሥራ ያገኘሁት ትምህርት በክፍል ውስጥ ካገኘሁት ያላነሰ ስለሆነብኝ ብቻዬን ልይዘው አልፈለግሁም።

አገሬ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። እንደ ብዙዎቹ የክልላችን ከተሞች በእኛም ከተማ አንድ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚገዛት ተሽከርካሪ አውቶሞቢል ሳትሆን ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ ናት። ስሟን ያገኘችው ከሚሠራት የህንድ ኩባንያ ነው፤ ዛሬ ግን እንደ ድርጅት ስም የሚያስበው የለም፣ አማርኛ ሆኗል። የእኛም ቤት አንድ ባጃጅ አላት፤ የሚነዳት ታላቅ ወንድሜ ነው። የቤቱ ቀለብም፣ የእኔ ደብተርና የመንገድ ገንዘብም የሚወጣው ከእሷ ነው። ጠዋት ተማሪ ታደርሳለች፣ በገበያ ቀን ሰው ከነሸክሙ ትጭናለች፣ ሌሊት የታመመ ካለ ወደ ሆስፒታል ትሮጣለች።

ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ቤት ስገባ ወንድሜን ተጨንቆ አገኘሁት። ባጃጇ ዳገት ላይ ትደክማለች፣ ነዳጅ ትበላለች፣ ከጭስ ማውጫዋም ጥቁር ጭስ ይወጣል። አንድ ሰው «ካርቡራቶሩ መቀየር አለበት» ብሎታል። ይህ ለእኛ የብዙ ቀን ገቢ ነው። «ጋሼ፣ ካርቡራቶር ከመግዛታችን በፊት እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ራሳችን ሰርቪስ እናድርጋት» አልኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰርቪስ የምትደረገው ጋራዥ ብቻ ነበር፤ በቤታችን ግቢ ቡሎን ተፈትቶ አያውቅም።

ተቃውሞው የመጣው ከእናቴ ነው። «አንተን ለትምህርት የላክንህ ከዘይት እንድትርቅ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

እናቴ ይህን ያለችው እንዲሁ አይደለም። በደጋው አገራችን የእጅ ሥራ ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሥራቸው ይፈለግና ራሳቸው ይናቁ ነበር። የጎንደር ሙስሊም ደግሞ በአብዛኛው የርስት ባለቤት እንዳይሆን ስለተከለከለ ኑሮውን የመሠረተው በንግድና በሽመና ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ብዙዎቹ አያቶቻችን የኖሩት በሚዛንና በመወርወሪያ ነው። የእኔም አያት ሸማኔ ነበሩ። ጥበብ ለብሶ ወደ ድግስ የሚሄደው ሰው የሠራውን እጅ ሲንቅ አይተዋል። እናቴ ልጇን ከዚያ ንቀት ልታርቀው ፈለገች፤ እናት ናትና አልፈርድባትም። እኔ ግን ያሳደገን ያ የተናቀ እጅ መሆኑን አስባለሁ። የሸማኔ የልጅ ልጅ ተምሮ ከሥራ እጁን ቢሰበስብ፣ አያቱን ከናቁት ጋር መቆሙ አይደለምን?

በመድረሳ የተማርነውስ ምንድን ነው? ለነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት ተገርቶላቸው ጥሩር ይሠሩ ነበር። ነቢዩላህ ኑሕ (ዐ.ሰ.) የሚያልፍ የሚያገድመው እየሳቀባቸው መርከብ ሠርተዋል። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ ነበሩ። ምህንድስና ለምንማር ደግሞ አል-ጀዘሪ አለልን። በዲያርበኪር የአርቱቅ ገዥዎችን ያገለግል የነበረው ይህ መሐንዲስ በ1206 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ መሣሪያዎች የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠናል። በውስጡ ካሉት የውኃ መሳቢያዎች አንዱ መሽከርከርን ወደ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ይለውጣል። በባጃጇ ሞተር ውስጥም ይኸው ዘዴ ተገልብጦ ይሠራል፤ የፒስቶኑን መውጣትና መውረድ ቢዬላው ተቀብሎ ወደ መሽከርከር ይለውጠዋል። አል-ጀዘሪ በቀለም ብቻ የተራቀቀ ሰው አልነበረም። በእጁ የሠራ ሰው በመሆኑ ነው ከስምንት መቶ ዓመት በኋላም ሥዕሉን ተከትሎ መሣሪያውን መሥራት የሚቻለው።

ወደ ሥራችን ልመለስ። የጀመርነው ከዘይቱ ነው። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነስተን አሞቅነው፤ የሞቀ ዘይት ስለሚቀጥን ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ አጥፍተን፣ ደልዳላ ቦታ አቁመን፣ ጎማዎቿን በድንጋይ አግደን፣ ከሥር ያለውን የዘይት መውረጃ ቡሎን በቺያቬ ፈታነው። የወረደው ዘይት ጥቁር ነበር። ብዙ ሰው ዘይት ጠቆረ ማለት ተበላሸ ማለት ይመስለዋል። ነገር ግን በሞተር ዘይት ውስጥ ጥላሸትን ከብረት ላይ አጥቦ የሚይዝ ኬሚካል አለ፤ መጥቆሩ ሥራውን እየሠራ መሆኑንም ያሳያል። እኛን ያሳሰበን ቅጥነቱና ሽታው ነው። በጣታችን መካከል ስናሸው እንደ ውኃ ሳሳ፣ ቤንዚን ቤንዚንም ሸተተ።

ይህ ለምን ያሳስባል? ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ፒስቶኑ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ይወጣል፣ 50 ጊዜ ይወርዳል። ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋጭ የሚከለክለው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ከነዳጅ ጋር ከተቀላቀለ ያ ሽፋን ይሳሳል፣ ብረቱም መበላላት ይጀምራል። ነገር ግን ቤንዚን ከዘይቱ ውስጥ ምን አገባው?

መልሱ ካንዴላው ላይ ነበር። ካንዴላ የሞተር ምላስ ነው፤ ሐኪም ምላስ አሳየኝ እንደሚለው መካኒክም ካንዴላ ፈትቶ ያያል። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው። ከነጣ ነዳጅ አንሷል ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ደግሞ ነዳጁ በዝቷል፣ አየሩ አንሷል። የእኛው ከሰል መስሎ ወጣ። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን ከፈትን፤ የመንገዳችን አቧራ እዚያ ተከማችቶ ቆይቶናል። ወረቀቱ በደቃቅ አፈር ተደፍኖ ባትሪ ስናበራበት ብርሃን አያሳልፍም።

እዚህ ላይ የክፍሉ ትምህርት ከግቢው ሥራ ጋር ተገናኘ። መካነ ኢየሱስ ደጋ ናት። ከባህር ወለል 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር ይህን አውቆ ነዳጁን አይቀንስም፤ እንዲሁ ሳለ እንኳ ቆላ ላይ ከሚኖረው ይልቅ ነዳጅ ይበዛበታል። በዚያ ላይ ፊልትሮው ሲደፈን የሳሳው አየር ጭራሽ ያንሳል። ያልተቃጠለው ነዳጅ ገሚሱ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ገሚሱ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ገሚሱ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል። የጉልበት ማነሱም፣ ነዳጅ መብላቷም፣ ጭሱም፣ የዘይቱ መሳሳትም ምንጫቸው ያ አንድ የተደፈነ ወረቀት ነበር።

አዲስ ፊልትሮ ገዛን። አሮጌውን ቀዳደን «አየር እንዲገባ» እናድርገው ያለን ሰው ነበር፤ ይህ የባሰ ነው። በአቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ደቃቅ ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት ይጠነክራልና ፊልትሮ ያልያዘው አቧራ ሞተሩን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ካንዴላውን ጠርገን፣ በመመሪያዋ ላይ የታዘዘውን 20ደብሊው50 ዘይት በልኩ ሞላን። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ፣ ሁለተኛው በሙቀት ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ቡሎኑን ስናጠብቅ አልታገልነውም፤ የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ከልክ በላይ ከጠበቀ ጥርሱ ይላጣል። በማግስቱ ወንድሜ ዳገቱን ወጥቶ ተመለሰና «ካርቡራቶሩ ይቆየን» አለ። አልሐምዱ ሊላህ።

አንድ ነገር ግን አልነካንም፤ ፍሬኑን። ሲረገጥ ለስለስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። የፍሬን ዘይቱን መጠን ስናይ ጎድሏል፤ የሆነ ቦታ ይፈስሳል ማለት ነው። እኔ የፈሳሽ ግፊት ሕግን በፈተና ጽፌ አልፌአለሁ፤ የፍሬን ሲሊንደር ግን ፈትቼ ገጥሜ አላውቅም። በዚያች ባጃጅ የሚሄዱት የሰው ልጆች ናቸው። ስለዚህ በዚያ ፍሬን እንዳትነዳ ባጃጇን ወደ መካኒኩ መውሰዱን ትተን መካኒኩን ወደ ባጃጇ አመጣነው። ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ያሳለፉ ክርስቲያን ጎረቤታችን ናቸው። የኋላውን ጎማ አውልቀው በሲሊንደሩ ውስጥ ያለችውን ያረጀች ትንሽ ጎማ አሳዩን፣ ቀየሩልን፣ አየሩንም አስወጡ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ መሣሪያ አቀብላለሁ። «ቺያቬ! ካቻቢቴ! ሮንዴላ! ፒንሳ!» ይላሉ።

እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ እኛ ዩኒቨርሲቲ የምንማራቸው በእንግሊዝኛ ነው። የቋንቋው መራራቅ የሰዎቹንም መራራቅ ያሳያል፤ የተማረውና የሚሠራው አንዱን ዕቃ በአንድ ስም እንኳ አይጠሩትም። ከመካኒኩ አጠገብ ስቀመጥ ግን ትዝ ያለኝ መድረሳው ነው። ቁርኣንን የቀራነው በኡስታዛችን ፊት ተንበርክከን፣ አፋቸውን እያየን፣ ፊደሉ ከየት እንደሚወጣ እየታረምን ነው። በኪታብ ብቻ ተጅዊድ የተማረ የለም። የእጅ ዒልምም እንዲሁ ነው፤ ቡሎኑ መቼ እንደ ጠበቀ የሚያውቀው አንጓ የተማረው ከሌላ አንጓ ነው።

ሰርቪስ የማይታይ ሥራ ነው። ባጃጅ ታጥባና በጌጥ አሸብርቃ ተሳፋሪ ታስደስታለች፤ ዘይቷን ግን የሚያይላት ተሳፋሪ የለም። ከኋላ የተቀመጠችው እናት ልጇን ታቅፋ ስትሄድ የፍሬኑን ነገር ለነጂው አደራ ሰጥታለች፣ አፍ አውጥታ ባትነግረውም። አማና ማለት ይኸው ነው። ግመሉን ስለማሰርና በአላህ ስለመመካት የሚነገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። በባጃጅ ላይ «ተወከልቱ ዐለላህ» ብሎ መለጠፍ መልካም ነው፤ ጽሑፉ የሚያምረው ግን ከሥሩ ያለው ፍሬን ሲይዝ ነው።

ለመሞከር ላሰባችሁ ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የተቀየረውን ዘይት መሬት ላይ ወይም ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ወንዝ ይበክላል፣ ሌላውን መጉዳት ደግሞ በዲናችን ክልክል ነው። እኛ በጄሪካን አጠራቅመን ለጋራዥ ሰጠነው። ሁለተኛ፣ የዕቃ መሸጫው የሚላችሁን ሳይሆን የተሽከርካሪውን መመሪያ ተከተሉ፤ የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በደብተር ጻፉ። ሦስተኛ፣ ግራሶ በእጃችሁ ላይ ተጋግሮ ውኃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ የሚከለክል ከሆነ ከዉዱእ በፊት በሳሙና ይልቀቅ፤ ሽፋን የሌለው፣ ቀለሙ ብቻ የቀረ ከሆነ ግን ዑለሞች ችግር የለውም ብለዋል። እኛም ዙህር ሲደርስ እናቴ ሙቅ ውኃና ሳሙና አቅርባልን፣ ታጥበን፣ በጥቁር ጥፍራችን ሰግደናል።

በጀመዓችን ውስጥ የመካኒካል፣ የኤሌክትሪካል፣ የሲቪል ተማሪ ሞልቷል። ዕረፍት ሲደርስ የቤታችሁን ተሽከርካሪ፣ የውኃ ፓምፕ ወይም ወፍጮ ከፍታችሁ እዩ፤ የማታውቁትን የሚያውቀውን ጠይቁ፤ አጠገቡ ቁጭ በሉ። አላህ የሚጠቅም ዒልምና የሚሠራ እጅ ይስጠን።