«አስር» ያለኝ መለኪያ

አጎቴ ወፍጮ ቤታቸው ውስጥ የካቻቢቴውን ጫፍ ኩሽኔታው ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ነው የሠሩት። የዛሬ ሁለት ዓመት ሼክ ሁሴን የሄድኩት ገሪባው ባላ በትሩን ይዞ መግባት በጀመረበት ሳምንት ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ያቃስታል፤ እስቲ እየው» አሉኝ።

እኔ ሮቤ ውስጥ የማሽን ንዝረት እየለካሁ ነው የምኖረው። መለኪያው ሻንጣዬ ውስጥ ነበር፤ ጆሮ ምን ያደርግልኛል?

ሴንሰሩ ከዚያ በፊት ከመሰላል ላይ ወድቆብኝ ስለነበር ከመነሳቴ በፊት ፈትሼዋለሁ። መፈተሻው ካሊብሬተር ይባላል፤ በባትሪ የሚሠራ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ዕቃ ነው። ሴንሰሩን አናቱ ላይ በብሎን ታስሩታላችሁ፣ ገመዱ እንዳይጎትተው ታላሉታላችሁ፣ ትጫኑታላችሁ። በሰከንድ 159.15 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በሁለት ፓይ ሲባዛ 1000 ይሆናል። ስለዚህ ፍጥንጥነቱ 10 ሜትር በሰከንድ ካሬ ከሆነ፣ ፍጥነቱ 10 ሚሊሜትር በሰከንድ፣ የቦታ ለውጡ 10 ማይክሮሜትር ነው። ሦስቱም አስር! መጀመሪያ ሲገባኝ ብቻዬን ስቄያለሁ።

እና መለኪያዬ በፍጥንጥነት ገጹ ላይ 10.0 አለ። ደህና ነው ብዬ ዘጋሁት።

ወፍጮው ላይ ስለካ ፍጥነቱ 3.4 ሚሊሜትር በሰከንድ መጣ። ሞተሩ 11 ኪሎዋት ነው። እስከ 15 ኪሎዋት ላሉ ማሽኖች በተለመደው የአይሶ ሰንጠረዥ ከ1.8 እስከ 4.5 ያለው «ለረጅም ጊዜ አያሠራም» የሚባለው ነው፤ ከ4.5 በላይ ግን አደጋ ነው። «ገሪባው እስኪሄድ ይይዛል፣ ከዚያ እንቀይረዋለን» አልኳቸው። አጎቴ ካቻቢቴውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ዝም አሉ። የተማረ ልጅ ተናግሯላ።

በሦስተኛው ሌሊት ኩሽኔታው ነከሰ። ቺንጋው ተበጥሶ ክንዳቸውን መታቸው። ወፍጮው በዓመቱ ትልቁ ሥራ ላይ ዘጠኝ ቀን ቆመ፤ እህል ይዘው የተሰለፉ ሴቶች ተሸክመው ተመለሱ።

ሮቤ ስመለስ ካሊብሬተሩን እንደገና አወጣሁ። እንደገና 10.0። ሊያሳብደኝ ነበር። ከዚያ ወደ ፍጥነት ገጹ ሳዞረው 7.1 አለ። ለካ የፍጥንጥነቱ ገጽ «ፒክ» ላይ ተቀምጦ ኖሯል፤ ማለት የሞገዱን ጫፍ ነው የሚያሳየው። ካሊብሬተሩ ላይ የተጻፈው አስር ደግሞ አርኤምኤስ ነው። ጫፉ የአርኤምኤስ 1.414 እጥፍ ስለሆነ ጤነኛ ሴንሰር እዚያ ገጽ ላይ 14.1 ማለት ነበረበት። የእኔው ውስጡ ያለው ክሪስታል ተጎድቶ 7.1 ብቻ ይሰጣል፤ 7.1 በ1.414 ሲባዛ ደግሞ አስር! ሁለት ስህተት ተደራርቦ አንድ ትክክል መሰለ። በቮልት ብለካው ኖሮ ወዲያው ይጋለጥ ነበር። በአንድ ጂ 100 ሚሊቮልት የሚሰጥ ሴንሰር እዚያ ላይ 102 ሚሊቮልት ማሳየት አለበት፤ የእኔ 72 ነበር።

ያ 3.4 ያልኩት እንግዲህ እውነተኛው 4.8 ነው። ቀይ።

አሁን የትኛውንም ሴንሰር ሳልፈትሽ አልወጣም፤ ሦስቱንም ገጽ፣ ከዚያም ቮልቱን አያለሁ። ከቁጥሩ አጠገብ ፒክ ይሁን አርኤምኤስ ሳይጻፍ የመጣልኝን ሪፖርት እመልሳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ነገረኛ ይሉኛል፤ ይበሉ።

ለአጎቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፒክ ምን እንደሆነ በጣታቸው ዱቄት ላይ ሞገድ ሥለው አስረዱኝ፤ ከእኔ በተሻለ ገብቷቸዋል። ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ፤ አዲሱ ኩሽኔታ ድምፅ ጀምሯል። «ዕቃህን ይዘህ ና፣ እኔም ካቻቢቴዬን እይዛለሁ» አሉኝ። ቅዳሜ እወርዳለሁ።