የተቆለፈ ስልክና የጋዜጠኛ ሥራ

ስልክ የምንመርጠው በሚሠራው ነገር ብዛት ነው፤ በካሜራው፣ በፍጥነቱ፣ በአፑ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስልኩ የሚሠራውን ነገር ሆን ብሎ ስለሚቀንስ ነገር ነው። ሎክዳውን ሞድ ይባላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 ከአይኦኤስ 16 ጋር አወጣው፤ እኔም ከዘመድ ባገኘሁት አይፎን ላይ ለሁለት ሳምንት ሞክሬዋለሁ።

ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስታበሩት ስልኩ ጠፍቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ በአፕል በራሱ መልእክት መላኪያ ከፎቶና ከጥቂት ነገሮች በቀር አብዛኛው ፋይል አይገባም። ከዚህ በፊት ደውላችሁለት የማታውቁት ሰው በፌስታይም አያገኛችሁም። ስልኩ ተቆልፎ ሳለ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አይገናኝም። አንዳንድ ድረ ገጾች ይዘገያሉ፤ አንዳንድ ምልክቶችም ባዶ ሳጥን ሆነው ይታያሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን? ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ የተላከለትን ፋይል ለማሳየት መጀመሪያ ራሱ ከፍቶ ማንበብ አለበት። እንደ ፔጋሰስ ያሉ የስለላ ሶፍትዌሮች በዚህ አነባበብ ላይ ያለን ስህተት ተጠቅመው፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ይገባሉ። ያልታወቀን ስህተት መድፈን ደግሞ አይቻልም፤ በሩን መዝጋት ግን ይቻላል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2023 ብላስትፓስ የተባለውን ጥቃት ይፋ ሲያደርግ፣ ሎክዳውን ሞድ ጥቃቱን እንደሚያግድ ከአፕል ማረጋገጫ ማግኘቱን ገልጿል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በውጭ አገር ለሚሠሩ የኢሳት ሠራተኞች ሰነድ የሚመስሉ ፋይሎች በስካይፕ እንደተላኩ ገልጿል። ውስጣቸው የነበረው የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ምርት የሚመስል የስለላ ሶፍትዌር ነበር።

እኔን ያሳሰበኝ እዚህ ላይ ነው። የኛ ሥራ እኮ ከማናውቀው ሰው የመጣን ፋይል መክፈት ነው! ጥቆማ የሚሰጠን ሰው ብዙ ጊዜ እንግዳ ነው። በዚያ ላይ እዚህ አገር ሰነድ የሚላከው በቴሌግራም ነው፤ የፋይሉ ገደብ ደግሞ የሚሠራው በአፕል መልእክት መላኪያ ላይ ነው። ስለዚህ ሎክዳውን ሞድ የበሩን ግማሽ ይዘጋል፤ ግማሹ የሚዘጋው በራሳችን ጥንቃቄ ነው። ዋጋም አለው፤ በኋላ በመጡት እትሞች 2ጂ ኔትወርክም ይዘጋል። ከ2ጂ ሌላ በሌለበት ገጠር ለዘገባ የወጣ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

አሁን አጥፍቼዋለሁ፤ ስልኬ ውስጥ ከሌክቸር ኖትና ከቤተሰብ ፎቶ ሌላ ምንም የለም። አንድ ሰው ሥራውን ወይም ነፃነቱን ሊያሳጣው የሚችል ምስጢር አምኖ ሊነግረኝ የመጣ ዕለት ግን፣ ገና ስልክ ቁጥሬን ሳልሰጠው አበራዋለሁ። ስልኬ ቢሰለል መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነዋ። ምንጭን መጠበቅ ስሙን አለመጻፍ ብቻ እንዳልሆነ በክፍል ውስጥም ብንማረው መልካም ነው እላለሁ። መምህራኖቻችን ምን ትላላችሁ?