ከኢየሱስ ኮረብታ እስከ ገሳይ

አባቴ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ነገ ዛሬ ሲሉ ቆይተው፣ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ “ሐኪሙ ቢያበላሸውስ? በቀረችኝ ብርሃን መጀመሪያ አገሬን ልየው” አሉ። አገራቸው ገሳይ ነው። የአሥር ዓመት ልጄን ጨምረን ሦስት ሆነን ተነሳን።

ከባሕር ዳር ወረታ ድረስ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ ግራና ቀኙ የፎገራ ሩዝ። ከወረታ ወደ ቀኝ፣ የአካባቢው ሰው “የቻይና መንገድ” ወደሚለው የወልድያ መስመር ሲታጠፉ ዳገቱ ይጀምራል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጋቢ መያዝ አይርሱ፤ እኛ ረስተን ነበር።

ከተማዋን ለማየት ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ኮረብታ ይውጡ፤ ማልደው ቢሆን ይሻላል። ስሟን ያገኘችው ከገሊላው ታቦር ተራራ ነው፤ ነሐሴ 13 ቡሄ ሲከበር የስም በዓሏም ነው። ራስ ጉግሣ ለምን እዚህ እንደ ተቀመጡ፣ ከእሳቸውም በኋላ ራስ ዓሊና አፄ ቴዎድሮስ ለምን ቦታውን እንዳልተዉት መጽሐፍ አልነገረኝም፤ ኮረብታው ነገረኝ። በየትኛውም በኩል የሚመጣ ሰው ከሩቅ ይታያል።

አባቴ በከዘራቸው ጠቆሙ። “ያ ጉና። በዚህ በኩል ጋፋት። ወዲያ ደግሞ ጣና።” ዓይናቸው ያን ያህል እንደማያይ አውቃለሁ፤ ከዘራው ግን አልሳተም። ልጄ ወደ ምዕራብ አተኩራ ያ የሚያብለጨልጨው “ጉም ነው” አለች። “ጣና ነው!” “ጉም ነው አባባ!” እኔም እውነቱን ለመናገር መለየት አልቻልኩም።

ስለ ጋፋት ግን ሁላችንም ተስማማን። ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው። ልጄ መድፉን የምታውቀው አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና ካለው የቴዎድሮስ አደባባይ ነው፤ ያ ግን አምሳያው ነው። ዋናው መቅደላ ላይ ቀርቷል። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በጋይንት በኩል ዋድላንና ደላንታን አቋርጦ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ይህንን ለልጅ ቤት ውስጥ ቢነግሩት ቁጥር ነው። እዚህ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተደራረበውን ተራራ ሲያይ ግን... ልጄ ዝም ብላ ቆየችና “በገመድ?” አለች። በገመድ፣ በሰው ጉልበት፤ ከፊት ከፊት ደግሞ መንገድ እየተጠረገለት።

ከሰዓት በኋላ ገሳይ ደረስን። እዚህ ጉና ከሩቅ የሚያዩት ተራራ መሆኑ ቀርቶ ጎረቤት ይሆናል። ከፍታው ከ4,100 ሜትር ይበልጣል፤ ጫፉ አካባቢ አስታና ጅብራ ይበቅላል። በአንድ ወገኑ የወረደው ዝናብ በርብና በጉማራ ጣና ገብቶ ዓባይን ይቀላቀላል፤ በሌላው ወገን የወረደው ወደ ተከዜ ይሄዳል። ሁለቱ የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ ነው። (አንድ ቤተሰብ ተጣልቶ በውጭ አገር ሲታረቅ ይመስላል፤ አባቴ ይህንን ሲሰሙ ከልብ ሳቁ።)

አክስቴ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን። የገሳይን ድንች አዲስ አበባ ከምንገዛው ጋር ማወዳደር ነውር ነው። አባቴ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ተቀምጠዋል።

“ጉና ላይ ደመና አለ?” አሉ።

“ጫፉ ላይ ትንሽ፣ እንደ ነጠላ” አለች ልጄ።

“በስተግራ ጎድጎድ ያለ አለ?”

“አለ።”

“በልጅነቴ በግ የምጠብቀው እዚያ ሥር ነበር።” ድንቻቸውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። “ሐኪሙ ጋ መቼ ነው የምትወስደኝ? ይቺ ልጅ ጣናን ጉም ስትለኝ ዝም ብዬ አልቀርም።”