85 በመቶው፣ የት ተለክቶ?

ስለ ናይል ክርክር በተነሳ ቁጥር «85 በመቶው ውሃ የኛ ነው» የሚል አይጠፋም። ቁጥሩ ከሞላ ጎደል ልክ ነው፤ ግብፅ፣ አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ያን ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ ይመነጫል።

ችግሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ነው። አንዱ «ዓባይ ብቻውን 85 በመቶ ይሰጣል» ብሎ ይጽፋል። ስህተት! ዓባይ ብቻውን ወደ 60 በመቶ ይጠጋል፤ የቀረውን የሚሞሉት ባሮና ተከዜ ናቸው። (ባሮን ማን ያስታውሰዋል? ዘፈኑ የሚበዛው ለዓባይ ነው።)

ሌላው ዓመታዊውን አማካይ ይዞ ወራቱን ይረሳል። በክረምት የኢትዮጵያ ድርሻ ከ90 በመቶ ያልፋል። በበጋ ግን በተፈጥሮ ፍሰቱ ዓባይ ይሳሳና ከቪክቶሪያ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ነጭ ዓባይ ያመዝናል።

«ነጭ ዓባይ ምን ውሃ አለው?» ማለትም ያሳስታል። ውሃ አጥቶ አይደለም፤ ደቡብ ሱዳን ውስጥ የሱድን ረግረግ ሲያቋርጥ ግማሽ ያህሉ በትነት ስለሚያልቅበት ነው። እንዲያውም ያው 85 በመቶ ካርቱም ላይ፣ ወይም ጥር ላይ ቢለካ ሌላ ቁጥር ይሆናል። ዩጋንዳ፣ ጂንጃ ላይ ቆሞ ለሚለካ ሰው ደግሞ የኢትዮጵያ ድርሻ ዜሮ ነው።