ሰዓቱ ለልጄ፣ ቆዳው ለእናቴ

በብዙ ቤቶች ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከወርቁና ከልደት ሰርተፍኬቱ ጎን፣ በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ጥሩ የእጅ ሰዓት አለ። ምናልባት እርስዎም ቤት ይኖራል። ኦሜጋ ይሆናል፤ ራዶ፣ ሎንዥን ወይም ሮሌክስ ይሆናል። የአባት ነው፣ የአጎት ነው፣ አንዳንዴም የአያት። አውጥተው ቢሞሉት ቲክ ቲክ ማለቱ አይቀርም። ታዲያ ለምን አይታሰርም? ብዙ ጊዜ ሞተሩ ደህና ነው። ችግሩ ቆዳው ደርቆ መሰነጣጠቁ ወይም የብረት ሰንሰለቱ ለወራሹ እጅ አለመሆኑ ነው። ያን ያህል ዋጋ ያለው ዕቃ በአንዲት ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ዓመታት መሳቢያ ውስጥ ይተኛል።

ይህን ቁራጭ ራስዎ መቀየር ይችላሉ። «ውድ ሰዓት ነው፣ እንዴት እነካካዋለሁ?» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል። ግን ማሰሪያ ሲቀየር የጀርባ ክዳኑ አይከፈትም፤ ውስጡም አይነካም። ማሰሪያ ከጥንቱም የሚያልቅና የሚቀየር ነገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ሰዓት ከኪስ ማውጣት ሲያስቸግራቸው፣ በኪስ ሰዓት አካል ላይ የሽቦ ቀለበት እየተበየደ በቆዳ እጅ ላይ ይታሰር ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. ባዝ ኦልድሪን ጨረቃ ላይ ሲራመድ ያሰረው ኦሜጋ ስፒድማስተርም የብረት ሰንሰለት አልነበረውም። ከጠፈር ልብሱ በላይ እንዲታሰር ቬልክሮ የሚባለው ተጣባቂ ያለበት ረጅም የጨርቅ ማሰሪያ ነበር የተደረገለት። ለጨረቃ የተቀየረ ለምረቃ ቢቀየር ነውር የለውም።

የእኛ ቤት ሰዓት የአባቴ ኦሜጋ ነው። ገና ወጣት ሠራተኛ ሳለ ከደመወዙ እያጠራቀመ የገዛው፣ ቀጭን፣ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ዘንድ ነበር። ትልቋ ልጄ ሥራ ስትጀምር «እማማ፣ የአባባን ሰዓት ልሰር?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና መሐረቡን ፈታ አሳየቻት። ቆዳው ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተበልቷል፤ ግን አሁንም እንደ ክንድ ክብ ሆኖ ነው የተቀመጠው። ሦስተኛዋ ቀዳዳ ከሌሎቹ ሰፍታ ሞላላ ሆናለች፤ አባቴ ሁልጊዜ የሚያስራት እሷን ነበር።

«ሰዓቱን ውሰጂ፣ ልጄ» አለቻት። «ቆዳውን ግን መልሽልኝ። የእጁ ቅርጽ አለበት።»

ለሌላ ሰው ያልሰጠነው በዚህ ምክንያት ነው። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ማሰሪያ ሲያስቀይሩ አሮጌው ወዲያው ቅርጫት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከእሱ ጋር የሰዓቱ ኩባንያ ምልክት የተቀረጸበት ዘለበትም አብሮ ይሄዳል። ባለሙያውን ለመውቀስ አይደለም፤ ለእሱ ያለቀ ቆዳ ነው። ለእርስዎ ምን እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ለሌላ ሰው ከሰጡም «አሮጌውን ከነዘለበቱ መልስልኝ» ማለትን አይርሱ።

አሁን ወደ ሥራው። ሰዓቱን ገልብጠው ይዩት። ከአካሉ ላይ፣ ከላይና ከታች፣ ሁለት ሁለት ቀንዶች ወጥተዋል። በየሁለቱ ቀንዶች መካከል አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች። ውስጧ ሞላ አለ፤ ጫፎቿ ሲጫኑ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ሲለቀቁ ደግሞ በቀንዶቹ ውስጠኛ ጎን ባሉት ትናንሽ ጉድጓዶች ይሰካሉ። ማሰሪያውን የያዘችው እሷ ብቻ ናት።

አዲስ ማሰሪያ ከመግዛትዎ በፊት በሁለቱ ቀንዶች መካከል ያለውን ክፍተት በሚሊ ሜትር ይለኩ። አሮጌውን ቆዳ አይለኩ፤ ላብ ሲጠጣ የኖረ ቆዳ ልኩን አይጠብቅም። የአባቴ 18 ሚሊ ሜትር ነው። ስፒድማስተር 20 ነው። የሮሌክስ ሰብማሪነር ለረጅም ጊዜ 20 ሆኖ ቆይቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው 21 ሆኗል፤ ስለዚህ ስሙን ብቻ ይዘው ገበያ አይውጡ። አንድ ሚሊ ሜትር የጠበበ ማሰሪያ ዘንጓን በጎን በኩል ያሳያል፣ ይንሸራተታልም። የሰፋውን ደግሞ ቢያስገቡትም ጠርዙ ይጨማደዳል።

እኛ አዲሱን ያሠራነው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቦርሳና ቀበቶ ከሚሠራ ባለሙያ ነው። የፍየል ቆዳ መረጥን፤ የበግ ቆዳ ለስላሳ ቢሆንም በቶሎ ይለጠጣል። የልጄ እጅ ቀጭን ስለሆነ ከሱቁ የወንድ ማሰሪያ አጠር ተደርጎ ተቆረጠ። የአባቴን ዘለበት ወደ አዲሱ ማዛወር የእሷ ሐሳብ ነበር፤ እሱም የተያዘው በዘንግ ነውና በተመሳሳይ መንገድ ይወጣል። ሲያሠሩ ዘለበቱን ይዘው ይሂዱ፤ ብዙ ጊዜ ከቀንዶቹ ክፍተት ስለሚጠብ የማሰሪያው ጫፍ በእሱ ልክ መሠራት አለበት።

መሣሪያው አንድ ነው፦ ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለች እርሳስ የምታክል ነገር። ቤርዦን የተባለው የስዊስ ኩባንያ የሚሠራት በሰዓት ሠሪዎች ዘንድ የታወቀች ናት፤ ርካሿም ጫፏ ስስና ያልተጣመመ ከሆነ ትበቃለች። የወጥ ቤት ቢላና ወፍራም ካቻቢቴ ግን ይቅሩ። ሰዓቱን የሚጭሩት እነሱ ናቸው።

ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ ነጭ ፎጣ ያንጥፉ። ሞላዋ ስትለቀቅ ዘንጓ ትፈናጠራለች፤ ሶፋ ሥር ከገባች የምትገኘው ለበዓል ቤት ሲጸዳ ነው። ሕፃን ልጅ ካለ በተኛበት ሰዓት ይሥሩ፤ ይህችን የምታክል ነገር አፉ ውስጥ መጨመሩ አይቀርም። በቀንዶቹ ላይ ስስ ስኮች ይለጥፉ። ከዚያ ሰዓቱን በመስታወቱ ደፍተው፣ ሹካዋን በማሰሪያውና በቀንዱ መካከል ያስገቡ። ዘንጓ ጫፏ አጠገብ ትንሽ ትከሻ አላት፤ እሷን ይዘው ወደ ማሰሪያው መሐል ይግፉና በቀስታ ወደ እርስዎ ያንሱ። ኃይል ከጠየቀዎት ሹካዋ ቦታዋን አልያዘችም ማለት ነው፤ ያውጧትና እንደገና ይሞክሩ።

ሲመልሱ አዲስ ዘንግ ይጠቀሙ። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ሰዓት ከእጅ ላይ ወድቆ የሚሰበረው ግን ዝጋ ወይም ተጣማ በከረመች ዘንግ የተነሳ ነው። አንዱን ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ያስገቡ፣ ሌላውን በሹካዋ ተጭነው ወደ ቦታው ያንሸራቱ። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ፤ ካላለ አልገባም። ዘለበት ያለው አጭሩ ክፍል በ12 ቁጥር በኩል ነው የሚሆነው። 12 ስል ፊቱ ላይ የተጻፈውን ነው፤ እኛ 6 ሰዓት የምንለውን። ሲጨርሱ፣ ከእጅዎ ላይ ከማሰርዎ በፊት፣ ፎጣው ላይ እንዳለ ሁለቱንም ወገን ጠበቅ አድርገው ይጎትቱ። ልጄ ይህን ሦስት ጊዜ አደረገችው፤ እናቴ ትንፋሿን ውጣ ታያት ነበር።

የብረት ሰንሰለት ትንሽ ይከብዳል። ለማሳጠር ከሆነ የውስጥ ጎኑን ይዩ፤ በብዙዎቹ ላይ ትናንሽ ቀስቶች አሉ። የሚወጡት ካስማዎች የሚገፉት ቀስቱ ወደሚያመለክተው ወገን ነው። በሮሌክስ ግን የሚነሡት አንጓዎች በብሎን ነው የተያዙት፤ ካቻቢቴው ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር በትክክል ካልተገጣጠመ አናቱን ይበላዋል። ከሁለቱም ጎን እኩል አንጓ ማንሳት ነው፤ አለዚያ ዘለበቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። የተነሡትንም በፖስታ አድርገው ይጻፉባቸው። ነገ ሰዓቱ ወፍራም እጅ ላላት ወይም ላለው ልጅ ሊደርስ ይችላል።

ራስዎ እንዲሞክሯቸው የማልመክራቸው አሉ። እንደ ኦዴማር ፒጌ ሮያል ኦክ ያሉት ሰንሰለታቸው ከአካላቸው ጋር አንድ ሆኖ ስለተቀረጸ ማንኛውም የገበያ ማሰሪያ አይገጥምላቸውም። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል። ዘንጓ ዝጋ ከተጣበቀችም በጉልበት አይታገሏት፤ ያኔ ወደ ባለሙያ ይሂዱ፣ ሥራውንም አጠገቡ ቆመው ይዩ። በተቃራኒው የሚያስቀኑ አሉ፦ ካርትዬ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣው ሳንቶስ ከሥሩ ያለች ቁልፍ ስትጫን ማሰሪያው ያለ መሣሪያ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የድሮ ሰዓት አዲስ ማሰሪያ ስላገኘ ውኃ አይችልም። እጅ ሲታጠቡ ያውልቁት።

ልጄ አሁን ሰዓቱን በየጠዋቱ ትሞላለች። ለክረምት ደግሞ ቆዳው እንዳይበሰብስ ብላ አረንጓዴ የናይለን ማሰሪያ ገዝታለች፤ ራሷ ናት የምትቀያይረው። ይህኛው አንድ ወጥ ጨርቅ ሆኖ በሰዓቱ ሥር ስለሚያልፍ፣ አንዷ ዘንግ ብትወልቅ እንኳ ሰዓቱ አይወድቅም። እናቴ ግን አልወደደችውም። ቆዳው ዛሬም መኝታ ቤቷ ነው፤ ናይለኑን ባየች ቁጥር «የወታደር አስመሰልሽው» ትላታለች። እውነቷን ነው፤ የዚህ ዓይነት ማሰሪያ በ1973 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር መስፈርት ለሠራዊቱ የወጣ ነው። ልጄ ይህን ስትነግራት እናቴ «አላልኩሽም?» አለች።