«ተወኝ» ለማለት «ሊቭ ሚ» አልኩት

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብላችሁ እንዳታሙኝ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሰው አይደለም። የገዛ ድስቴን ከፍቼ ላሳያችሁ ነው።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሁለት ዓመታችን ነው። ተከራይተን የምንኖርባት ክፍል ከአከራያችን ሳሎን ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ማንኪያ ሲወድቅብን እንኳ እትዬ «ምነው ልጆች?» ይሉናል። እናም ስንጣላ ገመናችን እንዳይወጣ ዘዴ ፈጠርን። ጠብ ሲነሳ ወደ እንግሊዝኛ እንገባለን! እትዬ እንደሆነ እንግሊዝኛ አይሰሙም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቀረሁ ነኝ፤ እሱ ደግሞ በሥራው ከፈረንጆች ጋር ነው የሚውለው። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። ፓሲቭ ቮይሱንም ሪፖርትድ ስፒቹንም ሸምድደናል። እንዴት እንደሚጣሉበትና እንዴት እንደሚታረቁበት ግን ማን አስተማረን? ከፊልም ላይ የለቀምናት «ሻት አፕ» ብቻ ናት እጃችን ላይ ያለችው።

ባለፈው ክረምት ለቤት ኪራይ ያስቀመጥነውን ብር ሳያማክረኝ ለጓደኛው አበደረው። «ለምን?» ስለው «ሌት አስ ኖት አርጊዩ» አለኝ። እኔ «አርጊዩ»ን የማውቃት ክፍል ውስጥ ምክንያት እያቀረብን ስንከራከር ነው። ስለዚህ «ምክንያትሽን መስማት አልፈልግም» ያለኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ! ለካ እሱ «አንጨቃጨቅ» ማለቱ ኖሯል። ለኛ ክርክር ሌላ፣ ጭቅጭቅ ሌላ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራቸው።

«ዶንት ሻውት አት ሚ!» አለኝ። «አይ አም ኖት ሻውቲንግ!» አልኩት፣ ጣራው እስኪነቃነቅ እየጮህኩ። በመጨረሻ «እስቲ ተወኝ» ለማለት ፈልጌ «ሊቭ ሚ!» ብዬ አምባረቅኩበት።

ዝም አለ። ቦርሳውን አንጠለጠለና ወጣ። ማታ ይመለሳል ስል አልተመለሰም። በማግስቱ ስደውልለት «ሂድ አልሽኝ፣ ሄድኩ» ብሎ ዘጋብኝ። እኔ መቼ ሂድ አልኩት?

እንቅልፍ ሲያጣኝ የተማሪነት ዲክሽነሪዬን አወጣሁ። «ሊቭ ሚ አሎን» ማለት አትነካካኝ፣ ተወኝ ነው። «ሊቭ ሚ» ብቻውን ሲሆን ግን ጥለኸኝ ሂድ! አንዲት «አሎን» ጎድላ ትዳሬን ልታፈርስ ነው እኮ! እያለቀስኩ ማገላበጤን ቀጠልኩ። «ሻውት አት» ተቆጥቶ ሰው ላይ መጮህ ነው፤ «ሻውት ቱ» ግን ራቅ ያለ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብሎ መጣራት። «ቢከር» በማይረባ ነገር መነታረክ፣ «ኳረል» መጣላት። «ሮው» ብለን ረድፍ የምንላት ቃል እንኳ፣ በዚያው ፊደል ተጽፋ «ራው» ተብላ ስትነበብ ጠብ ሆና ተገኘች። ለጩኸቱና ለጠቡ ይህን ሁሉ ቃል አገኘሁ። «ከፍቶኛል» ለማለት ግን አፌ ላይ የሚመጣልኝ አንድም እንግሊዝኛ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። «ልጄ፣ እንግሊዝኛችሁ አይገባኝም፤ ድምፃችሁ ግን ይገባኛል። ደግሞ የኪራዩን ብር ስትችሉ ትሰጡኛላችሁ፤ ለሱ ብላችሁ አትለያዩ» አሉኝ። ክው አልኩ! ለካ በዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መሃል «ኪራይ» እና «ብር» በአማርኛ ሲያመልጡን ኖረዋል።

እትዬ ራሳቸው አስደውለው አስጠሩት። መጣ። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ተወኝ ማለቴ እንጂ ተለየኝ ማለቴ አልነበረም። ብሩን ሳትነግረኝ መስጠትህ ነው የከፋኝ» አልኩት። አቀርቅሮ ቆየና «እኔም አንጨቃጨቅ ማለቴ እንጂ አፍሽን ዝጊ ማለቴ አልነበረም። ሳልነግርሽ ማበደሬ ግን ጥፋት ነው» አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ያነቀኝ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ።

እህትና ወንድሞቼ፣ እንግሊዝኛ አትማሩ አላልኩም። ተማሩ፤ ሥራም እንጀራም ነው። ፍቅረኛችሁን ስትቆጡ ግን በምትታረቁበት ቋንቋ ተቆጡ። በንዴት ሰዓት ፍቺውን አጣርታችሁ የማታውቁትን ቃል አትወርውሩ፤ ጎረቤት ባይገባው እንኳ የተወረወረበት ሰው ይገባዋል፤ ያውም እናንተ ካሰባችሁት በላይ።

የተበደረው ጓደኛ ብሩን እስከ ዛሬ አልመለሰም። ክርክራችንም አልቆመም፤ አሁን ግን በአማርኛ ነው። ሰላም ሰንብቱ!