ስፖርቷ መኪና ወሎ ሰፈር ስትገባ

ወሎ ሰፈር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የሚታዩበት፣ ሁለተኛው የሚኖሩበት። የሚታዩበት ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በኦሎምፒያ በኩል ወደ ኤርፖርት የሚወርደው የቦሌ መንገድ ነው። የሚኖሩበት ደግሞ ከአስፋልቱ ታጥፋችሁ፣ ሱቁንና ፀጉር ቤቱን አልፋችሁ፣ ኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጫችሁ ከቤታችሁ በር የምትደርሱበት ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለ መኪና ነው። ግን ያለነዚህ ሁለት መንገዶች ነገሩ አይገባንምና አብረን ዞር ዞር እንበል።

መጀመሪያ ለዋናው መንገድ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት ሲመጣ የእግረኛው መንገድ ሰፋ፣ የብስክሌት መስመርም ተጨመረበት። ከሜክሲኮ ተነስቶ በሳር ቤትና በጎተራ የሚመጣው መስመርም ማረፊያው እዚሁ ወሎ ሰፈር ነው። ማታ መብራቱ ሲበራ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። አዲስ መኪና የገዛ ሰው እዚህ ካልነዳ የት ሊነዳ ነው? መስኮት ዝቅ፣ ሙዚቃ ከፍ፣ ክንድ በመስኮት ወጣ… ታውቁት የለ!

ታዲያ ይህን መንገድ ያየ ወጣት መኪና ሊገዛ ሲሄድ ደላላው አንዲት ቃል አለችው፦ ‹‹ስፖርት ነች!›› ልብ ቀጥ ትላለች። ዋጋው ላይ ጥቂት ሺህ ቢጨመር ማን ይከራከራል?

ግን ‹‹ስፖርት›› ምንድነው? ብዙ ጊዜ ሞተሯ ከተራዋ እህቷ ጋር አንድ ነው። የሚለየው ሌላው ነው። ቸርኬው ይተልቃል፣ የጎማው ጎን ይሳሳል፣ አንዳንዷ ላይ ደግሞ ሞላና አሞርዛተሩ ጠንከር ይላል፣ መኪናዋም ወደ መሬት ጠጋ ትላለች። እ.ኤ.አ. የ2020 ሞዴል የሆነችውን የአሜሪካ ኮሮላ ውሰዱ። ተራዋ ‹‹ኤል ኢ›› 205/55 ጎማ ከባለ 16 ቸርኬ ጋር ነው የምታደርገው። ስፖርት መልክ ያላት ‹‹ኤስ ኢ›› ደግሞ 225/40 ከባለ 18 ጋር። መሃል ላይ ያለው ቁጥር የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው የሚናገረው። አስሉት፦ የመጀመሪያዋ ጎማ ጎኗ 113 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ የሁለተኛዋ 90። ከ2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የጎማና የንፋስ ትራስ ጠፋ ማለት ነው።

ትራሱ ምን ይሠራል? መኪና ጉድጓድ ወይም ብሬከር ስታገኝ መጀመሪያ ጎማው ይጨመቃል፣ ቀጥሎ ሞላው ይሰበሰባል፣ አሞርዛተሩ ደግሞ ውዝዋዜው እንዳይቀጥል ይገታዋል። ጎማው ከሳሳ፣ ሞላውም እምቢ ካለ፣ ምቱ ወዴት ይሄዳል? ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩም ወደ ወገብ!

ሌላም ነገር አለ። ለስላሳ የቤት መኪና ሞላዋ ላይ የምትወዛወዘው በሰከንድ 1 ጊዜ ወይም ጥቂት በለጥ አድርጋ ነው፤ ይህ ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ ከሚሰማው ጋር ይቀራረባል፣ ሰውነት አይከፋውም። ቁጭ ያለን ሰው ክፉኛ የሚያስቸግረው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለስ ንዝረት ነው። ሞላ በጠነከረ ቁጥር መኪናዋ ወደማንወደው ንዝረት እየተጠጋች ትሄዳለች።

የቦሌ መንገድ ላይ ይህ ሁሉ አይታወቅም። እንዲያውም መኪናዋ መንገዱን እንደ ሙጫ ይዛ፣ ኩርባ ላይ ሳትንጋደድ ስትሄድ ደስ ትላለች። ችግሩ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ስትታጠፉ ነው። ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ባሉት ዓመታት የየመንደሩን ጭቃ ያዳነን ኮብልስቶን ባለውለታችን ነው፤ ግን ድንጋይ ድንጋይ ነው። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። ለቧንቧ ተቆፍሮ የተመለሰው ቦታ ደግሞ ይሰምጣል። ለስፖርት የተሠራች መኪና እዚህ እያንዳንዱን ድንጋይ ቆጥራ ትነግራችኋለች። የአበው ተረት ‹‹የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ›› ይላል። ለእንዲህ ያለችው መኪና የተተረተ ይመስላል!

በየቤቱ የሚሆነውን ደግሞ አስቡት። ልጅ ለፍቶ፣ ዕቁብ ወጥቶለት፣ ‹‹ቤተሰቤን ከታክሲ ሰልፍ ላውጣ›› ብሎ መኪና ይገዛል። እሱ መሪ ይዟል፤ ጉድጓዱን ቀድሞ ያየዋል፣ ሰውነቱንም ያዘጋጃል። ከኋላ የተቀመጡት እናቱ ግን አያዩም። ከኋላ ጎማ አጠገብ ስለሆኑም ምቱ በቀጥታ ይደርሳቸዋል። መጀመሪያ ቀን ‹‹እሰይ የኔ ልጅ›› ብለው ይመርቃሉ። ሁለተኛው ቀን ዝም ይላሉ። ወር በገባ በ22 ለዑራኤል ላድርስዎት ሲላቸው ‹‹ግዴለም ልጄ፣ በእግሬ ዘና እያልኩ እሄዳለሁ›› ይሉታል። ልጁ ትሕትና ይመስለዋል። ወገባቸው መሆኑን አይነግሩትም፤ የደስታውን ቀን እንዴት ያበላሹበት? ነፍሰ ጡር ሚስትም እንደዚሁ፣ ዲስክ ያመመው አባትም እንደዚሁ። እንግዲህ ቤተሰብ የማይሳፈርባት የቤተሰብ መኪና ምን ትባላለች?

የድሮዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣችው ፔጆ 504 ሞላዋ ረጅምና ለስላሳ ስለነበር በአፍሪካ መጥፎ መንገድ ሁሉ ስሟ ተነሳ። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ ያደግንባት ላዳም መነሻዋ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው፤ ለሩሲያ መንገድ እንድትሆን ከመሬት ከፍ ተደርጋ፣ አካሏም ተጠናክሮ የተሠራች። ሁለቱም ለመታየት ሳይሆን ለመድረስ የተሠሩ ነበሩ።

እውነቱን ለመናገር ጠንካራ ሞላ ሁሉ ክፉ አይደለም። በጣም ለስላሳ የሆነች መኪና እንደ ጀልባ እየዋለለች ሕፃናትን ታስመልሳለች። አምስት ሰው ሲሳፈር ደግሞ ጠንካራዋ ትለሰልሳለች። ‹‹ስፖርት›› የሚል ጽሑፍ ያላት ሁሉም ጠንካራ አይደለችም፤ አንዳንዷ የተቀየረው ፓራውልቷና የወንበሯ ልብስ ብቻ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ በብዛት የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ባትሪያቸው ከባድ ነው። ቮልስዋገን አይዲ 4 ወደ 2 ቶን ትመዝናለች፤ ያን ክብደት የሚሸከም ሞላ ጠንካራ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ጉዳዩ ያለቀለት እንዳይመስላችሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መኪና ስትሞክሩ ቦሌ መንገድ ላይ ብቻ አትሞክሩ። ወደራሳችሁ ሰፈር አስገቧት፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኮብልስቶኑ ላይ ንዷት። ከዚያ ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ እናንተ ከኋላ ተቀመጡ።

ሁለተኛ፣ የጎማውን ቁጥር አንብቡ። መሃል ላይ 40 ወይም 45 ካያችሁ ወገባችሁን አስቡ። 60 ወይም 65 ከሆነ እፎይ በሉ።

ሦስተኛ፣ ንፋስ በግምት አታስሞሉ። ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ ሾፌሩ በር አጠገብ ተጽፏል፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩት። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ለስላሳዋንም መኪና ድንጋይ ያደርጋታል።

አራተኛ፣ ስፖርቷን የገዛችሁት ከሆነ አትሽጧት! ፍሬኑ የሚፈቅድ ከሆነ የተራዋን እህቷን አነስ ያለ ቸርኬና ወፍራም ጎማ አስገቡላት። የኮሮላዎቹ ሁለት ጎማዎች አጠቃላይ ቁመታቸው የሚለያየው በግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አሞርዛተሩንም አሳዩት፤ ዘይት ካፈሰሰ ጥፋቱ የስፖርት ሳይሆን የእርጅና ነው።

አምስተኛ፣ መኪናዋ ዝቅ እንድትል ብላችሁ ሞላ አታስቆርጡ። የተቆረጠ ሞላ መሰብሰቢያ ቦታ ያጣል፣ ብሬከር ሲያገኝ ብረት ከብረት ይጋጫል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የቦሌ መንገድ ዓይን የሚያየው የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው። የቤታችሁ መንገድ ግን የዕለት ዕለት ነው። ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት የኋላውን በር ከፍታችሁ እዚያ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ አስቡ። መኪናዋን የምትገዙት ለዚያ ሰው ነው።

መልካም መንገድ!